በቤት ለሠራኋቸው የቢራ መጥመቂያ ዕቃዎች የኤሌክትሪክ ኤለመንት መግጠም፦ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ስሌትና የመጀመሪያው ባልዲ

እስካሁን የምጠምቀው በጋዝ ነበር። ሲሊንደሩ ሁለት ጊዜ መሐል ላይ አልቆብኛል። በሁለተኛው ጊዜ ዎርቱ 90 ዲግሪ ደርሶ ለመፍላት ጥቂት ሲቀረው እሳቱ ጠፋ። ወደ ኤሌክትሪክ ለመዞር የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ዎርት የምለው ከድፍድፉ ተጣርቶ የወጣውን፣ ገና እርሾ ያልገባበትን ጣፋጭ የብቅል ውኃ ነው።

ያሉኝ ዕቃዎች ሦስት ናቸው። ውኃ የሚሞቅበት 33 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ድፍድፉ የሚቀመጥበት የበረዶ ሳጥን እና ዎርቱ የሚፈላበት 50 ሊትር የሚይዝ የስቴንለስ ድስት። የበረዶ ሳጥኑ ሙቀቱን ራሱ ስለሚይዝ አልነካውም። ኤለመንት የሚገባው ባልዲውና ድስቱ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን ሠራሁ። አንድ ኪሎ ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.19 ኪሎጁል ይፈጃል። 30 ሊትር ውኃ ከ19 ወደ 78 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 7,400 ኪሎጁል፣ ማለትም ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት ያስፈልጋል። ከርካሽ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ የሚፈታው ኤለመንት ላይ «2400 ዋት፣ 240 ቮልት» ይላል። የእኔ ሶኬት ግን ጭነት ሲኖርበት 218 ቮልት ነው የሚሰጠኝ፤ በቴስተር ለክቼዋለሁ። ኃይል የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ 2400 የተባለው በእኔ ቤት 1,980 ዋት ነው የሚሆነው። በዚህ ሒሳብ ምንም ሙቀት ባይባክን 62 ደቂቃ ይፈጃል። ይበቃኛል።

ሦስት ማንቆርቆሪያ ገዝቼ ኤለመንቶቹን ፈታሁ። አንዱ ለባልዲው፣ ሁለቱ ለድስቱ ናቸው።

ባልዲ ስትመርጡ ከሥሩ ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት እዩ። 5 ቁጥር ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ 2 ቁጥር ደግሞ ከፍተኛ ጥግግት ያለው ፖሊኤትሊን። ሁለተኛው ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይለሰልሳል። እኔ 5 ቁጥሩን ወሰድኩ።

የኤለመንቱ አንገት 38.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ38 የቀዳዳ መጋዝ በስቼ የቀረውን በሞረድ አሰፋሁት። ፕላስቲክ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነበር፤ የተሳሳትኩት ቦታው ላይ ነው። ኤለመንቱ በተቻለ መጠን ዝቅ እንዲል ብዬ ከባልዲው ሥር 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በሳሁት። እዚያ ጋ ደግሞ የባልዲው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ዙሪያውን የዞረ ቀጭን ጠርዝም አለ። ጋስኬቱ (ውኃ እንዳያፈስ መሐል የሚገባው ለስላሳ ቀለበት) በእኩል ሊያርፍ አልቻለም። ውኃ ስሞላበት በየአራት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ይጥል ጀመር። ዳዶውን ባጠበቅኩት ቁጥር ጋስኬቱ ወደ ጎን ተጨምቆ እየወጣ ማፍሰሱ ባሰ።

ያን ባልዲ ትቼ ሁለተኛ ገዛሁ። በዚህኛው ቀዳዳውን ከሥሩ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ግድግዳው ቀጥ ባለበት አደረግኩት። የፕላስቲኩን ፍርፋሪ በምላጭ አነሳሁ፤ ጋስኬቱ የሚያርፍበትንም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ጋስኬቱን በውኃው በኩል ከውስጥ አደረግኩ፤ ዳዶውን በእጅ አጥብቄ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨመርኩ። አንድ ሌሊት ውኃ ሞልቼ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አነጠፍኩለት። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ነበር።

ሳምንት 2፦ የቀለጠው ገመድ

ባልዲው ላይ የመጀመሪያውን የውኃ ሙከራ አደረግኩ። ስህተቱ የጀመረው ከመሰካቴ በፊት ነው። ማንቆርቆሪያዎቹ ገመዳቸው ከመቀመጫቸው ጋር ስለተያያዘ ሌላ ገመድ አስፈለገኝና የኮምፒውተር ገመድ አነሳሁ። ኤለመንቱ ላይ ያለው መሰኪያ ውስጥ ግን ትንሽ ጉብታ አለችና ገመዱን አላስገባም አለኝ። የገመዱን ጫፍ በቢላ ቆረጥ አድርጌ ጎድጎድ ሠራሁለትና ገባ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ስፒናውን ነቀልኩና የገመዱን ጫፍ ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ከማዕከሉ ወደ ፌዙ በኩል ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኗል፤ ለስልሶም የጣቴን አሻራ ይዞ ቀረ። ሽቦው የገባበት የናስ ከንፈር ጠቁሯል።

ጓደኛዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ገመዱን ይዤለት ሄድኩ። «እኮ 9 አምፔር ነው የሚያልፍበት፤ ገመዱ ደግሞ 10 አምፔር ይላል» አልኩት።

«አንተ አምፔሩን ብቻ ነው ያየኸው» አለኝ። «ይሄ ሲ13 ነው። የተሠራው ለቀዝቃዛ ዕቃ ነው፤ እግሩ ላይ ከ70 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ አይፈቀድም። አንተ የሰካኸው የፈላ ውኃ ግድግዳ ላይ ነው። ያቺ ጉብታ ደግሞ የተቀመጠችው እንዲህ ያለ ገመድ እንዳይገባ ነው፤ አንተ አስገባኸው።»

ለሙቅ ዕቃ የሚሆነው ሲ15 ይባላል፤ እስከ 120 ዲግሪ ይችላል። በአንድ ጎኑ ለጉብታዋ የተሠራ ጎድጎድ አለው፤ በዓይን የሚለየው በሱ ነው። ሦስት ገዛሁ፤ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሽፋኑ ሙቀት የሚችል ጎማ። በቢላ የቆረጥኩትን ገመድ ማንም እንዳይጠቀምበት ለሁለት ቆረጥኩት። የቀለጠውን መሰኪያ ይዞ የነበረውን ኤለመንትም ጣልኩት፤ መገናኛው አንዴ ከሞቀ ልል ይሆናል፣ ልል ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ይሞቃል። ስለዚህ አራተኛ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ።

ሙከራውን ደገምኩት። 30 ሊትር ከ19 ወደ 78 ዲግሪ በ71 ደቂቃ ደረሰ። ከስሌቱ የተረፈው 9 ደቂቃ በግድግዳውና በክዳኑ የባከነ ሙቀት ነው። ባልዲውን በአሮጌ የመኝታ ፍራሽ ስፖንጅ ስጠቀልለው ወደ 66 ደቂቃ ወረደ።

አንድ ያላሰብኩት ነገር አየሁ። ላይ ያለው ቴርሞሜትር 78 ሲል ከሥር ባለው ቧንቧ ቀድቼ ስለካ 61 ዲግሪ አገኘሁ። ሙቅ ውኃ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከኤለመንቱ በታች ያለው 7 ሴንቲ ሜትር ውኃ ብዙም አይሞቅም። ኤለመንቱን ከፍ ማድረጌ ከማፍሰስ ቢያድነኝም ይህን አመጣብኝ። ለጊዜው በረጅም ማንኪያ እያማሰልኩ ነው፤ ሳማስለው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይስተካከላል። ወደፊት ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ሳምንት 3፦ ስቴንለሱን መብሳት

የድስቱ ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ ሰዓት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ፕላስቲኩን የበሳሁበትን መጋዝ በድሪሉ ሙሉ ፍጥነት አስነስቼ ጫንኩት። በደቂቃ ውስጥ ጥርሶቹ ሰማያዊ ሆነው ደነዙ። ድስቱ ላይ የቀረው የሚያብረቀርቅ ክብ ጭረት ብቻ ነው። ያ ጭረት ከሌላው የድስቱ አካል ይልቅ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት። ስቴንለስ ሲታሽ እዚያው ላይ ይጠነክራል፤ መሣሪያው ሳይቆርጥ ከተሽከረከረ ብረቱን እያጠነከረው ነው ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ዝግ ያለ ፍጥነት፣ ከባድ ግፊት፣ ብዙ ዘይት። ፑንታው ሁልጊዜ ቅርፊት እያወጣ መሄድ አለበት። ቅርፊት ካቆመ ወዲያው አንሱት። ከጠነከረው ክብ ፈቀቅ ብዬ በ3 ሚሊ ሜትር ጀመርኩ፤ ከዚያ 6፣ ከዚያ 11። ከኋላ እንጨት ደግፌ፣ በየጥቂት ሴኮንዱ የመቁረጫ ዘይት እያንጠባጠብኩ። ቅርፊቱ እንደ ተጠቀለለ ክር ረጅም ሆኖ ሲወጣ ትክክል መሆኔን አወቅኩ።

ትልቁን ቀዳዳ ለማውጣት ጓደኛዬ የብሬከር ሳጥኖችን የሚበሳበትን ፓንች አዋሰኝ። 11 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ብሎን ይገባል፤ በአንድ በኩል የተሳለ ቀለበት፣ በሌላው ኩባያ ይሆናል፤ ብሎኑን በቁልፍ ስታጠብቁት ቀለበቱ ብረቱን ቆርጦ ይወጣል። 40 ሚሊ ሜትሩ ነበር ያለው። ድምፅ የለም፣ ሙቀት የለም፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ሁለቱን ቀዳዳ በ20 ደቂቃ ጨረስኩ። ቀጭን ስቴንለስ ለሚበሳ ሁሉ የምመክረው ይህን መሣሪያ ነው፤ ባይገዛም መዋስ ወይም መከራየት ያዋጣል።

የግራውንዱን ነገር እዚህ ላይ በደንብ ልጻፈው። ባልዲው ፕላስቲክ ነው፤ ድስቱ ግን ሙሉ በሙሉ ብረት ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ አለ፣ እኔም እርጥብ እጄን ይዤ አጠገቡ ቆሜ አማስላለሁ። የኤለመንቱ ግራውንድ በጋስኬትና በዳዶ በኩል ድስቱን ይነካል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ጋስኬቱ ሲልከን ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ድስቱ ላይ ለብቻው 6 ሚሊ ሜትር የስቴንለስ ብሎን ገጠምኩ፤ ቀለበት ያለው ተርሚናል፣ ጥርሳም ሮንዴላ፣ ሁለት ዳዶ። ከዚያ ወደ ስፒናው የግራውንድ እግር በቴስተር ለካሁ። የቴስተሩን የራሱን ሽቦ ቀንሼ 0.1 ኦም አገኘሁ። ሁሉም በ30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ በኩል ያልፋል። አርሲዲው በሄደውና በተመለሰው ከረንት መካከል ልዩነት ሲያይ ይቆርጣል፤ ተራ ብሬከር ይህን አይሠራም። አርሲዲ የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው እለምናለሁ።

ወጪ እስካሁን፦ ከሁሉ ውድ የሆነብኝ አርሲዲው ነው፤ የአራቱን ማንቆርቆሪያ ዋጋ ያህል ወጥቶበታል። የጠፋው ገንዘብ አንድ ባልዲ፣ አንድ መጋዝ፣ አንድ ኤለመንትና አንድ ገመድ ነው።

ሳምንት 4፦ የተደፋው ዎርት

ድስቱ በውኃ ሲሞከር ግሩም ነበር። ሁለቱ ኤለመንቶች በሁለት የተለያዩ መስመሮች ተሰክተው በጠቅላላው 4 ኪሎዋት ያህል ይሰጣሉ፤ 25 ሊትር ውኃ በብርታት ፈላ። በማግስቱ እውነተኛውን ጥመቃ ጀመርኩ።

ድፍድፉ በ66 ዲግሪ 60 ደቂቃ ቆየ። ዎርቱን ወደ ድስቱ ማውረድ እንደጀመርኩ፣ ጊዜ ለማትረፍ ብዬ ኤለመንቶቹ እንደተሸፈኑ ማሞቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ የወረደው ደብዛዛ ነበር፤ የብቅል ዱቄት ይዟል። ይጣራል ብዬ ዝም አልኩት።

መፍላት በጀመረ በ20ኛው ደቂቃ የግራው ኤለመንት ቆመ። ብሬከሩ አልወረደም፣ ገመዱ አልሞቀም። ኤለመንቱ ራሱ ውስጡ ያለው የደረቅ መከላከያ ነው የቆረጠው። ማንቆርቆሪያ ባዶውን ሲሞቅ የሚያጠፋው ባይሜታል፣ ማለትም ሲግል ታጥፎ መስመሩን የሚቆርጥ ጥምር ብረት ነው። ድስቱ ግን ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው! ከአሥር ደቂቃ በኋላ የቀኙም ቆመ፤ መፍላቱም ሞተ። በእንጨት ማማሰያ ታችኛውን ስቆሰቁስ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ተመለሱ፤ እንደገና ቆሙ። እንዲህ እያልኩ የ60 ደቂቃውን ሥራ በሁለት ሰዓት ጨረስኩ።

ቀድቼ ስቀምሰው ጢስ ጢስ አለኝ። ከምላስ ኋላ የሚቀር አመድ የመሰለ ምሬት ነበረው። 23 ሊትር ነበር። እርሾ ሳላስገባበት ደፋሁት።

ድስቱ ሲራቆት ኤለመንቶቹን አየኋቸው። ከላይ በኩል ቡናማ ሆነዋል። ከሥር በኩል ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ቅርፊት ለብሰዋል፤ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ከሰል ተሰባብሮ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ብረት ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም ይዟል። ከዚያ የተረዳሁት፦ ዱቄቱና በፍላት የሚረጋው ፕሮቲን ኤለመንቱ ላይ ተቀመጠ፤ አረረ፤ ያረረው ንብርብር ሙቀቱን ወደ ፈሳሹ እንዳይሄድ ከለከለው፤ ቱቦው ይበልጥ ጋለ፤ የሚቀጥለው ንብርብር ይበልጥ አረረ። መከላከያው የቆረጠው ድስቱ ባዶ መስሎት አይደለም፤ ቱቦው በእርግጥም እንደ ባዶ ዕቃ ግሎ ነበር።

ሳምንት 5፦ ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር

ሳምንቱን ያሳለፍኩት በመለካት ነው። ክር ወስጄ የኤለመንቱን ቱቦ ጥምዝ ተከትዬ ጠመጠምኩት፤ ክሩን ዘርግቼ ስለካ 55 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ውፍረቱ በካሊፐር 6.5 ሚሊ ሜትር። በጠቅላላው 112 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽታ ነው። 1,980 ዋት ለዚህ ሲካፈል ከ17 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ይወጣል።

ለውኃ ይህ ችግር የለውም። ውኃ የሚያርር ነገር የለበትም። ዎርት ግን ስኳርና ፕሮቲን ነው። ለዎርት ተስማሚ ተብለው የሚሸጡት ኤለመንቶች ወደ 8 ዋት ወይም ከዚያ በታች ናቸው። እኔ ኤለመንት ስመርጥ ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ ብቻ ነበር የምጠይቀው። መጠየቅ የነበረብኝ ያ ኪሎዋት በምን ያህል ቆዳ ላይ እንደሚዘረጋ ነው።

ሌላ ከመግዛቴ በፊት ያሉኝን ለማዳን ሁለት ነገር ሞከርኩ።

አንደኛው፣ ሁለቱን ኤለመንቶች በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አስከትሎ ማገናኘት። እያንዳንዱ 24 ኦም ነው፤ በአንድ ላይ 48 ይሆናሉ። በ218 ቮልት ሁለቱ ተደምረው 990 ዋት ብቻ ይሰጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 495፣ ይኸውም 4.4 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር። በትንሽ ዎርት ሞከርኩት፤ አንዳችም ማረር የለም። ግን አያፈላም። ድስቱን 25 ሊትር ሞልቼ ስሞክረው 94 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ቆመ፤ የሚገባው ሙቀት በድስቱ ግድግዳና በላይኛው ገጽ ከሚወጣው ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ክዳን ቢከደን ይፈላል፤ ነገር ግን ዎርት ሲፈላ ክዳን አይከደንም። ብቅል ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር በሙቀት የሚወለድ፣ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ዲሜቲል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ፤ በእንፋሎቱ መውጣት አለበት።

ሁለተኛው፣ ኤስኤስአር በሚባለው ኤሌክትሮኒክ ሪሌይ ኃይሉን በየሁለት ሴኮንዱ እያበሩና እያጠፉ በግማሽ ማስኬድ። ማረሩ ቀነሰ፣ አልጠፋም። በሚበራበት ሴኮንድ ያው ሙሉ 17 ዋት ነው።

ኤስኤስአሩ ሌላ ትምህርት አመጣብኝ። ባልዲው ላይም ልሞክረው ብዬ ከፒአይዲ መቆጣጠሪያ (ሙቀቱን እያነበበ ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋ) ጋር በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ ገጠምኩት። ኤስኤስአር ሲያስተላልፍ ከ1 ቮልት ትንሽ የሚበልጥ ራሱ ላይ ያስቀራል፤ 9 አምፔር ሲያልፍበት 10 ዋት ያህል ሙቀት ነው፣ መውጫ በሌለው ሳጥን ውስጥ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ መቆጣጠሪያውን በ78 ዲግሪ አድርጌ ወጣ ብዬ ስመለስ ባልዲው 96 ዲግሪ ነበር። መቆጣጠሪያው አጥፋ ብሏል፣ መብራቱም ጠፍቷል፣ ኤለመንቱ ግን እየሠራ ነው። ኤስኤስአር ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ፣ ማለትም እንዳስተላለፈ ነው የሚሞተው። ፒአይዲ እንደ ማጥፊያ ሊታመን አይችልም።

አዲሱን ኤስኤስአር ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ቀብቼ፣ ማቀዝቀዣውን ከሳጥኑ ውጪ አድርጌ ገጠምኩት። ከሱ በፊት ደግሞ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ ባለ ሁለት ምሰሶ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁ። ትቼው አልሄድም።

ሳምንት 6 እና 7፦ ረጅሙ ኤለመንት

የገዛሁት 3 ኪሎዋት በ230 ቮልት የሚል የስቴንለስ ኤለመንት ነው። ቱቦው 8 ሚሊ ሜትር፣ ብዙ ጊዜ የታጠፈ፤ በክር ስለካው የሚሞቀው ክፍል 170 ሴንቲ ሜትር ነው። 427 ካሬ ሴንቲ ሜትር። በእኔ 218 ቮልት 2,700 ዋት ያህል ይሰጣል፤ 12.4 አምፔር ነው፣ በአንድ የ16 አምፔር መስመር ይሄዳል። ሲካፈል 6.3 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር። ዋጋው የሦስት ማንቆርቆሪያ ነው። ከመጀመሪያው ይህን ብገዛ ኖሮ ድስቱ ላይ ያጠፋሁት በሙሉ በኪሴ ይቀር ነበር።

ከመግዛቴ በፊት መሠረቱን አየሁ። ለውኃ ማሞቂያ የሚሸጡ ብዙዎቹ ቱቦአቸው ስቴንለስ ሆኖ ጥርስ ያለው መሠረታቸው ተራ ብረት ነው፤ ዎርት ውስጥ ይዝጋል። ማግኔት አስጠግታችሁ እዩ፤ አጥብቆ ከያዘ ተውት። የእኔ መሠረቱም ስቴንለስ ነው።

ጥርሱ አንድ ከሩብ ኢንች ነው፤ ውፍረቱ 42 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በፓንቹ የበሳሁት ቀዳዳ ግን 40 ነው። በግማሽ ክብ ሞረድ አንድ ሰዓት ሙሉ አሰፋሁት፤ እጄ ውኃ ቋጠረ። የሁለተኛውን ቀዳዳ በሁለት የስቴንለስ ክብ ቆርቆሮ፣ በሲልከን ጋስኬትና በአንድ ብሎን ደፈንኩት። አያፈስም።

12 አምፔር ለሲ15 ስለሚበዛ መሰኪያ አላደረግኩም። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሙቀት የሚችል የጎማ ኬብል በቀጥታ ከተርሚናሎቹ ጋር አሠርኩ፤ ከላዩ ውኃ የማያስገባ ሳጥን፣ ኬብሉ በሚገባበት ደግሞ የሚያጠብቅ አንገት። ጣት ተርሚናሉን መንካት የሚችልበት ቀዳዳ አንድም አልተውኩም።

አብርቼ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አርሲዲው ወረደ። እንደገና፤ ወረደ። ሽቦዬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሠርኩ፤ ስህተት የለም። ጓደኛዬን ጠራሁት። ስፒናውን ነቀለና ኤለመንቱ ትኩስ እንዳለ በተርሚናሉና በድስቱ መካከል በቴስተር ለካ፤ 9 ኪሎ ኦም። መጨረሻ የሌለው መሆን ነበረበት። 218 ቮልት በ9 ኪሎ ኦም 24 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ 30 የተባለ አርሲዲ ደግሞ ከ15 በላይ ከሆነ ጀምሮ ሊቆርጥ ይችላል።

«አልተበላሸም፤ ረጥቦ ነው» አለ። በቱቦው ውስጥ፣ በሚግለው ሽቦና በውጪው ብረት መካከል የታጨቀው ነጭ ዱቄት ማግኒዚየም ኦክሳይድ ነው። መጋዘን ውስጥ ብዙ ሲቀመጥ በጫፎቹ በኩል ከአየር እርጥበት ይስባል። ኤለመንቱን ፈትቼ፣ ጋስኬቱንና የፕላስቲክ ክፍሎቹን አውጥቼ፣ በ110 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አራት ሰዓት አደረቅኩት። ሲወጣ በ500 ቮልት ሜገር (የኤሌክትሪክ መከላከያን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ) ከ100 ሜጋ ኦም በላይ አነበበ። ከዚያ ወዲህ አርሲዲው አንድም ጊዜ አልወረደም። አርሲዲው ያስቸግራል ብለው አልፈውት የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ የነገራቸው ግን እውነት ነው።

ሳምንት 8፦ ሁለተኛው ጥመቃ

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ከበረዶ ሳጥኑ መጀመሪያ የወረደውን 5 ሊትር ቀስ ብዬ ድፍድፉ ላይ መልሼ አፈሰስኩ። የብቅሉ ገለባ እንደ ወንፊት ሆኖ አጠራው፤ ሦስተኛው ማሰሮ ላይ በመስታወት ውስጥ ጣቴን በሌላው ወገን ማየት ቻልኩ። ከዚያ ነው ወደ ድስቱ ያወረድኩት። ኤለመንቱ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው በ7 ሊትር ነው፤ እኔ 10 ሊትር ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፣ ከዚያ በታች አላበራም።

27 ሊትር ሞልቶ ከ66 ዲግሪ ወደ ፍላት ለመድረስ 31 ደቂቃ ፈጀ። 98 ዲግሪ ላይ አረፋው መነሳት ሲጀምር ኃይሉን ወደ 50 በመቶ አወረድኩና እያማሰልኩ ጠበቅኩ፤ አልገነፈለም። ከዚያ በ85 በመቶ ለ60 ደቂቃ ፈላ። እዚህ ላይ ፒአይዲውን በዲግሪ ሳይሆን በእጅ፣ በመቶኛ ነው የማስኬደው፤ የሚፈላ ነገር 100 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆም መቆጣጠሪያው የሚያነበው አይለወጥም፤ የፍላቱን ብርታት የሚለውጠው ኃይሉ ነው። በሰዓቱ 2.8 ሊትር ተነነ።

ድስቱን ሳራቁት መጀመሪያ ያየሁት ኤለመንቱን ነው። ስስ ቡናማ ቆዳ ለብሷል፣ እንደ ሻይ ቀለም። እርጥብ ስፖንጅ አንዴ ሳሳልፍበት ብረቱ ወጣ። አተላው ከሥሩ በታች ለስላሳ ሆኖ ተኝቷል፣ አልጠቆረም። ዎርቱን ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው፤ ሆፕሱ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) መራራ ነው። ጢስ የለበትም።

ሳምንት 9

ሳጥኑን ከፍቼ ተርሚናሎቹን በካቻቢቴ ፈተሽኩ። ሁለቱም ብሎኖች ሩብ ዙር ያህል ላልተዋል። መዳብ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይሰፋል፣ ይጠባል። መልሼ አጠበቅኳቸውና ከየጥመቃው በፊት የማደርገው ሥራ አድርጌ ሳጥኑ ክዳን ላይ ጻፍኩት፤ ከሥሩም የግራውንዱን ልኬት። ዛሬም 0.1 ኦም ነው።

የባልዲው ኤለመንት ነጭ የካልሲየም ቅርፊት መያዝ ጀምሯል። በ10 ሊትር ሙቅ ውኃ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጬ 30 ደቂቃ አቆየሁት፤ ረግፏል። ለባልዲው የማንቆርቆሪያውን ኤለመንት አልቀይረውም፤ ውኃ ብቻ ስለሚያሞቅ ይበቃዋል።

የውኃው መጠን ሲወርድ መስመሩን የሚቆርጠው ተንሳፋፊ ስዊች ትናንት እጄ ገባ። የምገጥመው በኤስኤስአሩ የመቆጣጠሪያ ሽቦ ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት በሚገባ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ ነው። ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘይቱን ገዝቻለሁ።